አሮጌ ጋቢ ወይስ አዲስ ሽመና? ለወንድ ጃኬት የትኛው ይሻላል?

ደሴ ላይ ከሀገር ልብስ ጃኬት ማሰፋት የሚያስብ ወንድ ሁሉ ይህን ይጠይቃል፦ ቤት የተቀመጠውን ጋቢ ላስቆርጥ ወይስ ሸማኔ ዘንድ አዲስ ላሠራ?

ዋጋ፦ አሮጌው የስፌት ብቻ ነው። አዲሱ የክርና የሸማኔው ድካም ይጨመርበታል።

ልክ፦ እኔን ወደ አሮጌው የሚያደላኝ ይህ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ለዓመታት የታጠበ ጋቢ ግን መሰብሰቡን ጨርሷል። አዲሱን ሳያጥቡ መቁረጥ ጥፋት ነው።

አደጋ፦ አሮጌ ጋቢ መታጠፊያው ላይ ይሳሳል። ከመቁረጥዎ በፊት መስኮት ላይ ዘርግተው ይዩት፤ የሳሳው ቦታ እንደ ወንፊት ብርሃን ያሳልፋል። ከሳሳው ቦታ ለክርንም ለኪስም የሚሆን ጨርቅ አይወጣም። የአባት ማስታወሻ ከሆነ ደግሞ እናትን ሳያማክሩ መቀስ አያስነኩት።

ጥለት፦ አዲሱ ይበልጣል፤ ለአንገትጌው በሚፈለገው ስፋትና ቀለም ይሠራል።

አየር፦ የጋቢ አራት ድርብ ለደሴ ብርድ ነው። ለኮምቦልቻ ሙቀት ተርትሮ በሁለት ድርብ ማስቀረት ይቻላል።

ለሠርግ፣ ሚዜዎች አንድ ዓይነት እንዲለብሱ ከተፈለገ አዲሱን ያሠሩ። ለራስዎ፣ ለክረምቱ ከሆነ ግን ሣጥኑን ይክፈቱ።