ለአለርጂ የቱ ይቅደም? የአየር ማጣሪያ፣ የፍራሽ ሽፋን ወይስ ቫኪዩም

ጠዋት ገና ከአልጋ ሳትወርዱ ማስነጠስ ይጀምራችኋል? ልጃችሁ ማታ ማታ አፍንጫው እየተዘጋ እንቅልፍ ያጣል? እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው የሚሮጠው የአየር ማጣሪያ ማሽን ለመግዛት ነው። ማሽኑ መጥፎ ነው አልልም። ግን ለብዙ ቤት የመጀመሪያው ግዢ እሱ መሆን የለበትም።

ከሁሉ በፊት የሚያስነጥሳችሁን ነገር እወቁ። ሐኪም ጋ ሄዳችሁ በቆዳ ወይም በደም የሚሠራውን የአለርጂ ምርመራ ብታደርጉ፣ ለማያስፈልጋችሁ ዕቃ የምታወጡትን ገንዘብ ያድንላችኋል። የአቧራ ተባይ መፍትሔና የድመት መፍትሔ አንድ አይደለምና።

የአየር ማጣሪያ ወይስ የፍራሽ ሽፋን?

የአቧራ ተባዮች የሚባሉት ከ0.3 ሚሊሜትር አካባቢ የማይበልጡ፣ ፍራሽ፣ ትራስና ምንጣፍ ውስጥ ሆነው ከሰውነታችን የሚረግፈውን ቆዳ እየበሉ የሚኖሩ ፍጥረታት ናቸው። አይነክሱም። ጣጣው ያለው ኩሳቸው ውስጥ ካለው ፕሮቲን ነው። ይህ ብናኝ ከባድ ስለሆነ አንሶላ ሲራገፍ ብድግ ይልና ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይወርዳል። ማሽኑ ደግሞ የሚይዘው አየር ላይ ያለውን ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፊታችሁን ትራስ ላይ አሳርፋችሁ ስታድሩ፣ ጥግ ላይ የቆመ ማሽን ምን ሊያደርግላችሁ ይችላል?

ስለዚህ ችግራችሁ የአቧራ ተባይ ከሆነ እኔ ሽፋኑን አስቀድማለሁ። ግን የትኛውም ሽፋን አይደለም። ከላይ ብቻ በላስቲክ የሚለበሰውን ተዉት፤ ፍራሹን ዙሪያውን ከነታችኛው ጎኑ ውጦ በዚፕ የሚዘጋውን ፈልጉ፣ ለትራሱም እንደዚያው። የሽመናው ቀዳዳ ከ10 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች መሆኑ መጻፍ አለበት፤ 6 ማይክሮን አካባቢ ከሆነ የድመቱንም ብናኝ ይከለክላል። ዚፑን እስከ መጨረሻው ዝጉና ጫፉን በጣታችሁ ዳስሱት። እዚያች ጋ ክፍተት ካለ ብናኙ በዚያ በኩል ይወጣል። ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ ግን ያልባል፣ በተገላበጣችሁ ቁጥርም ይንኮሻኮሻል፤ ጥቅጥቅ ያለው ጨርቅ ለእንቅልፍ ይሻላል።

ሽፋን ብቻውን ግን ተአምር አይሠራም። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በሚደርስ ውሃ መታጠብ አለበት። ቀዝቃዛ ውሃ ብናኙን በአብዛኛው ያጥበዋል፣ ተባዮቹን ግን አይገድልም። በሙቅ ውሃ የማይታጠብ የልጅ አሻንጉሊት ካለ በፌስታል አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ አቆዩትና ከዚያ እጠቡት።

አለርጂው የድመት ከሆነስ? ያኔ ነገሩ ይገለበጣል። የድመት ብናኝ ቀላልና ተጣባቂ ነው፤ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል፣ ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላ እንኳ ለወራት ይቆያል። እዚህ ላይ ማጣሪያው ገንዘቡን ያወጣል። ስትገዙ የውበቱን ነገር ተዉና በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር እንደሚሰጥ ጠይቁ፤ ካርቶኑ ላይ ሲኤዲአር ተብሎ ይጻፋል። 4 በ3 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ያን አየር በሰዓት 5 ጊዜ ለማጣራት በሰዓት 150 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲጮህ ስለሆነ፣ ማታ ዝቅ አድርጋችሁ የምትተኙ ከሆነ ከፍ ያለውን ውሰዱ። የምትክ ፊልተሩንም ዋጋ አብራችሁ ጠይቁ። ማሽኑ ኦዞን የሚባለውን ጋዝ የሚያመነጭ ከሆነ ግን በነጻም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፤ ኦዞን ሳንባን ያስቆጣል፣ በተለይ አስም ላለበት ሰው።

ቫኪዩም፦ ከረጢት ያለው ወይስ የሌለው?

ከረጢት የሌለው ወጪ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም በየጊዜው ከረጢት አትገዙም። ግን ስትደፉት ያ የሰበሰባችሁት አቧራ ሁሉ ቡን ብሎ ፊታችሁ ላይ ይመለሳል። አለርጂ ላለበት ቤት ከረጢት ያለውን እመርጣለሁ፤ አፉን ዘግቶ እንዳለ አውጥቶ መጣል ነው።

ከከረጢቱ በላይ ግን ፊልተሩ ወሳኝ ነው። እውነተኛ ሄፓ የሚባለው 0.3 ማይክሮን የሚያክል ብናኝ 99.97 በመቶውን የሚይዝ ነው፤ በአውሮፓ መለኪያ ኤች13 የሚለውን ፈልጉ። «የሄፓ ዓይነት» ወይም «ሄፓ መሰል» የሚል ጽሑፍ ምንም ዋስትና የለውም። ፊልተሩ ጥሩ ሆኖ አካሉ የሚያፈስ ማሽንም አለ። ሱቅ ውስጥ አስነሱትና በመገጣጠሚያዎቹ ዙሪያ እጃችሁን አዙሩ፤ አየር ከመውጫው ሌላ በየስንጥቁ ከተነፈሰ ይለፋችሁ።

በራሱ እየዞረ የሚጠርገው ሮቦት ቫኪዩም ወለል ላይ የየዕለቱን አቧራ ለመቀነስ ደህና ነው፣ ወፍራም ምንጣፍ ግን አይችልም። የትኛውንም ብትገዙ፣ ሲጠረግ አቧራ መነሳቱ ስለማይቀር አለርጂ ያለበት ሰው ባይጠርግ፣ ግድ ከሆነም ማስክ ቢያደርግ ይሻላል።

ጨርቅ፣ እንፋሎት፣ እርጥበት

ደረቅ መወልወያና ላባ አቧራውን ከቦታ ቦታ ያዘዋውሩታል እንጂ አያነሱትም። በትንሹ የረጠበ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ርካሽም፣ የተሻለም ነው።

የእንፋሎት ማሽን ተባዮቹን ይገድላል። ኩሳቸው ግን እዚያው ይቀራል፣ ምንጣፉም ይረጥባል፤ ቶሎ ካልደረቀ ደግሞ ሻጋታ ይጋብዛል። ስለዚህ ለሶፋና ለምንጣፍ ካዋላችሁት በኋላ በቫኪዩም ድገሙት።

የእርጥበት መቀነሻ ማሽን ከማሰባችሁ በፊት ትንሿን የእርጥበት መለኪያ ግዙና መኝታ ቤት ውስጥ አስቀምጧት። ንባቡ ብዙውን ጊዜ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ማሽኑ አያስፈልጋችሁም፤ የአቧራ ተባይ ውሃ አይጠጣም፣ እርጥበቱን የሚስበው ከአየር ነው፣ አየሩ ሲደርቅበት አይራባም። ከዚያ በላይ ከሆነና መስኮት በመክፈት ካልወረደ፣ ያን ጊዜ ማሽኑ ይገባችኋል።