ጎግል ሳይትስ ወይስ ዎርድፕረስ? ራሳችሁ የምታስተካክሉት ድረ ገጽ ስትመርጡ

አክስቴ ሐዋሳ ላይ ትንሽ ፔንሲዮን አላት። ድረ ገጽ ካሠራች በኋላ የክፍል ዋጋ ጨመረች፤ ድረ ገጹ ላይ ግን የድሮው ዋጋ እንዳለ ቀረ። የሠራላት ልጅ ስልክ አያነሳም፤ የይለፍ ቃሉ ያለው ደግሞ እሱ ጋ ነው። «እንግዳው ስልኩን አውጥቶ የድሮውን ዋጋ ያሳየኛል። ምን ልበለው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ድረ ገጽ ላሠራ ነው የሚለኝን ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የምጠይቀው፣ ዋጋ ሲቀየር ማን ነው የሚቀይረው ብዬ ነው።

ጂሜይል ካላችሁ ጎግል ሳይትስ የሚባለው የጎግል ድረ ገጽ መሥሪያ እጃችሁ ላይ ነው። ክፍያ የለውም፤ ሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጹ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ መከራየትም የለባችሁም። ጎግል ዶክስ ላይ ጽፎ የሚያውቅ ሰው እዚህ ግራ አይገባውም። የድሮውን ዋጋ ጠቅ አድርጋችሁ ታጠፋላችሁ፣ አዲሱን ትጽፋላችሁ፣ ከላይ በቀኝ በኩል «ፐብሊሽ» የሚለውን ትጫናላችሁ። በቃ። የሚያግዛችሁ ሰው ካለም የይለፍ ቃላችሁን አትሰጡትም፤ በኢሜይሉ ትጋብዙታላችሁ፣ ሥራው ሲያልቅ ታስወጡታላችሁ። ቢበላሽባችሁ እንኳ የቀድሞውን መመለስ ይቻላል።

ግን ለማስተካከል ኮምፒውተር ይፈልጋል። ስልክ ብቻ ላለው ሰው ይሄ ትልቅ እንቅፋት ነው። የራሱ የሆነ የመሸጫ ሱቅም የለውም፤ የዲዛይን ምርጫውም ጠባብ ነው።

ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር፣ ዎርድፕረስ፣ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ወዲህ እያንዳንዱ አንቀጽ፣ ፎቶና ሠንጠረዥ ራሱን የቻለ «ብሎክ» ስለሆነ፣ አንዱን ስትነካኩ ሌላው አይፈርስም። በስልክም ገብታችሁ ታስተካክላላችሁ። ዕቃ መሸጥ ካማራችሁ ዉኮሜርስ የሚባለውን ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ትጨምራላችሁ።

ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ ሆስቲንግና ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ) ግን በየጊዜው ይከፈልባቸዋል። የውጭ አገሮቹ የዶላር ካርድ ይጠይቃሉ። አገር ቤት ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ በብር የሚያከራዩ አሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እንክብካቤው ነው። ፕለጊኖቹ በጊዜው ካልታደሱ ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታሉ፤ ሠርቶ የተረሳ ዎርድፕረስ ቁልፍ እንደሌለው ሱቅ ነው። ለሠራተኛችሁ «ኤዲተር» የሚለውን ፈቃድ ስጡት፤ ጽሑፍና ፎቶ ለመቀየር ከበቂ በላይ ነው። «አድሚኒስትሬተር» የሚለው በእናንተ እጅ ይሁን። እድሳቱን የሚከታተል ሰው ከሌላችሁ፣ ሆስቲንጉ አብሮት የሚመጣውን ዎርድፕረስ ዶት ኮም ተመልከቱት።

ዊክስ የሚባል ሌላ የድረ ገጽ መሥሪያም አለ። እየጎተቱ ማስቀመጥ ስለሆነ ይቀላል፣ ያምራልም። ነጻው ግን የዊክስን ማስታወቂያ ይለጥፍባችኋል፤ የሠራችሁትን ድረ ገጽ እንዳለ ወደ ሌላ ሆስቲንግ ማዛወርም አይቻልም። ውጭ አገር ሆናችሁ ካርድ ላላችሁ ግን መጥፎ ምርጫ አይደለም።

የአንድ ማኅበር፣ የዕድር፣ የትንሽ ካፌ ወይም የፔንሲዮን ገጽ ከሆነ፣ አራት አምስት ገጽ ከበቃችሁና ኮምፒውተር ካላችሁ፣ ያለ ማመንታት ጎግል ሳይትስን እመርጣለሁ። ኦንላይን የምትሸጡ ወይም በስልክ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ዎርድፕረስ፤ ያውም የሚንከባከበውን ሰው አስቀድማችሁ ይዛችሁ። የቱንም ብትመርጡ ዶሜይኑ በራሳችሁ ስምና በራሳችሁ ኢሜይል ይመዝገብ። አክስቴን ያስለቀሳት ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው።

አሁን አዲሱ ገጿ ጎግል ሳይትስ ላይ ነው፤ ሪሴፕሽን ላይ አሮጌ ላፕቶፕ ነበራት። ባለፈው ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ቁርስ የሚለውን ጨምሬ ፐብሊሹን ነካሁት። ይታይሃል?»

ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ቁርስ፣ ከነዋጋው፣ ቁጭ ብሏል።