የ1500 ዋት የእጅ ፋይበር ሌዘር ብየዳ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ማሽኑ ለስቴንለስ በር፣ መደርደሪያና የኩሽና ዕቃ ሥራ የተገዛ ነው። ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ የአርጎን (ቲግ) ብየዳ በፍጥነት አይደርስበትም። ሙቀቱ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ላሜራው ብዙም አይጣመምም፤ የግራይንደሩም ሥራ በጣም ቀንሷል። 4 ሚሊ ላይ ግን ይዳከማል፤ ብየዳው ዘልቆ መግባቱን ከጀርባ አይቶ ማረጋገጥ ግድ ነው።

ሌዘር ክፍተት አይወድም። በኤሌክትሮድ የለመደ በያጅ ክፍተቱን እየሞላ ያልፈዋል፤ እዚህ ግን ያለ ሽቦ ሲበየድ ክፍተቱ ከላሜራው ውፍረት አንድ አሥረኛ ከበለጠ ጨረሩ መሃል ለመሃል ያልፋል። በግምት የተቆረጠ ጫፍ ካለ የጨረሩን የግራ ቀኝ ውዝዋዜ ወደ 3 ሚሊ አስፍቶ ሽቦ መጨመር ነው።

ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦላሬ ሌላ ጣጣ አለው። ዚንክ በ907 ዲግሪ፣ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ፣ ይተናል። ትነቱ የቀለጠውን ብረት እየረጨ ብየዳውን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል። ስለዚህ ዳርና ዳሩን 10 ሚሊ ያህል መፋቅ ይሻላል።

ፍንጣሪው የሚያርፈው ቶርቹ (በእጅ የሚያዘው መበየጃ) ውስጥ ባለችው መከላከያ መስታወት ላይ ነው፤ ጥቁር ነጥብ ትቶ ጨረሩን ያዳክማል። ብየዳው ሲሳሳ ብዙዎች ዋት ይጨምራሉ። ከዚህ የባሰ ነገር የለም፦ ጥቁሯ ነጥብ ሙቀት ስለምትስብ መስታወቷ ትሰነጠቅና ጦሱ ለውዱ ሌንስ ይተርፋል። መስታወቷ የምትቀየረው ማሽኑ ጠፍቶ፣ አቧራና ንፋስ በሌለበት፣ በንጹሕ ጓንት ነው፤ ክፍት የቀረውን ቦታ ወዲያው በቴፕ መሸፈን ይገባል። ብየዳውን ከአየር የሚከላከለው የአርጎን ጋዝ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ሊትር ይሁን፤ ከመተኮስ በፊት ይከፈት፣ ካበቃ በኋላ ይዘጋ። የኮምፕረሰር አየር ዘይትና እርጥበት ይዞ ስለሚመጣ አይመከርም።

ቺለሩ (ሌዘሩን በውሃ የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ዲስትልድ ውሃ ብቻ ይጠጣል። ሌዘሩ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ብርሃን የሚሆነው ሲሶ ገደማ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ነው። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ያለ ስታቢላይዘር ባይሞከር ይሻላል።

መቁረጫ አፍንጫም አብሮ ይመጣል። 2 ሚሊ ይቆርጣል፣ ከታች ግን ዝቃጭ ይተዋል። ለዚያ ብሎ የሚገዛ ይከስራል።

የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 1080 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ ተራ መነጽርም አያግደውም። ለዚሁ ሞገድ የተሠራ ኦዲ (ጨረር የማገድ አቅም መለኪያ) 6 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መነጽር ለበያጁም ለረዳቱም ያስፈልጋል፤ የሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ጨረሩን ወደ ጎን ይመልሳልና። ቶርቹ የሚተኩሰው አፍንጫው ብረት ሲነካ ነው መባሉም አያዘናጋ፦ ከሚበየደው ብረት ጋር የሚታሰረው የማሽኑ ገመድ መቆንጠጫ ከጠረጴዛው ጋር ከተገናኘ ጠረጴዛውን ሲነካም ይተኩሳል።