ፒቲሲኢ ወይስ ኤክስሲፒቲ? ፋርማሲ ቴክኒሽያን መሆን ለምታስቡ

አሜሪካ ውስጥ ሰርተፋይድ ፋርማሲ ቴክኒሽያን ለመሆን ሰው የሚወስዳቸው ሁለት ፈተናዎች አሉ፣ የፒቲሲቢው ፒቲሲኢ እና የኤንኤችኤው ኤክስሲፒቲ (ፒቲሲቢና ኤንኤችኤ ሰርተፊኬቱን የሚሰጡት ድርጅቶች ናቸው)። ሁሉም ሰው "የቱ ይቀላል?" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ እኔ ግን መጀመሪያ የስቴታችሁ ቦርድ ኦፍ ፋርማሲ (ፋርማሲን የሚቆጣጠረው አካል) የቱን እንደሚቀበል እዩ እላለሁ፣ ከዛ መቀጠር የምትፈልጉበት ቦታ የቱን እንደሚጠይቅ። ሆስፒታል ካሰባችሁ ብዙ አትጨነቁ ፒቲሲኢን ውሰዱ፣ ወደፊት የስቴራይል ኮምፓውንዲንግ (ከጀርም ነጻ አድርጎ መድሃኒት የማዘጋጀት) ሰርተፊኬት ልጨምር ብትሉም መንገዱ በሱ በኩል ነው።

ኮርስ ሳትማሩ በስራ ልምድ የምትፈተኑ ከሆነ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ፒቲሲቢ 500 ሰዓት ሲጠይቅ ኤንኤችኤ 1200 ሰዓት ይላል፣ ስለዚህ ፋርማሲ ውስጥ ገብታችሁ ገና ጥቂት ወራችሁ ከሆነ ምርጫው ፒቲሲኢ ሆነ ማለት ነው። ኮርስ ለመመዝገብ ያሰባችሁ ደሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ፒቲሲቢ እውቅና የሰጠው መሆኑን የፒቲሲቢ ዌብሳይት ላይ አረጋግጡ፣ አፍ ብቻ አትመኑ።

ፒቲሲኢ 90 ጥያቄ በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው፣ 10ሩ ውጤት ላይ አይቆጠርም፣ ማለፊያው ከ1600 1400። ኤክስሲፒቲ 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ10፣ 20ው አይቆጠርም፣ ማለፊያው ከ500 390። እድሳቱ አንድ ነው፣ በየ2 አመቱ 20 ሰዓት ትምህርት።

ጥናቱ ላይ ፒቲሲኢ መድሃኒት ላይ ይጠነክራል፣ ጀነሪክና ብራንድ ስም (የመድሃኒቱ መጠሪያና የካምፓኒው የንግድ ስም)፣ ክላስ (የመድሃኒት ምድብ)፣ ስማቸው የሚመሳሰሉ እንደ ሃይድሮክሲዚን (ለማሳከክ) እና ሃይድራላዚን (ለደም ግፊት) አይነቶቹ። ኤክስሲፒቲ ይበልጥ የሚያተኩረው ፕሪስክሪፕሽን ከመቀበል እስከ ማስረከብ ያለው ስራ ላይ ነው፣ ካውንተር ላይ የሚሰራ ሰው እዚህ ጋ ይቀለዋል ባይ ነኝ። ህግና ሂሳብ ግን ከሁለቱም አያስመልጣችሁም፦ ጥብቅ ቁጥጥር ካለባቸው መድሃኒቶች ስኬጁል 2 ሪፊል (በዛው ማዘዣ ደግሞ መውሰድ) የለውም፣ 3 እና 4 በ6 ወር ውስጥ ቢበዛ 5 ጊዜ። አሊጌሽንም (ሁለት ጥንካሬ ቀላቅሎ መሀከለኛ የማውጣት ሂሳብ) እንደዛው፣ 10% እና 2% ክሬም ቀላቅላችሁ 240 ግራም 5% አዘጋጁ ቢባል 3 ለ5 ነው፣ 90 ግራም ከ10%ው፣ 150 ግራም ከ2%ው። ይሄን አይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትሰሩ ድረስ ቀጠሮ አትያዙ!

ደሞ ስትመዘገቡ የምትሞሉት ስም መታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፣ እኛ ሰዎች የአባትና የአያት ስም ቦታ እየተቀያየረብን በር ላይ ሊመልሱን ይችላሉ።