ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የተከታተልኩት የሥነ ልቦና ምርምር ሥልጠና

ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለአራት ቅዳሜዎች የተሰጠውን የሥነ ልቦና ምርምር ዘዴ ሥልጠና ጨርሻለሁ። አሠልጣኙ «ቡና የጠጣ ሰው የተሻለ ያስታውሳል» የሚለውን መላምት ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ ስህተት ቢሆን በምን እንደምናውቅ በመጠየቅ መጀመራቸውን ወድጄዋለሁ። ስማችንን በቁራጭ ወረቀት አስጽፈው በዕጣ ለሁለት ከከፈሉን በኋላ፣ አንዱ ቡድን መደበኛ ቡና፣ ሌላው ካፌይን የወጣለት ቡና ጠጥቶ 20 ቃላትን በቃሉ እንዲይዝ አደረጉ፤ ማን የትኛውን እንደጠጣ እኛም ሆንን መልሳችንን ያረመችው ረዳታቸው አናውቅም ነበር። ዕጣው ቀድሞውኑ የማስታወስ ችሎታቸው የላቀ ሰዎች በአንድ ወገን እንዳይከማቹ የሚረዳ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። (የእኔ ቡድን ተበልጧል፤ ደግነቱ፣ በ14 ሰው ብቻ ድምዳሜ ላይ አይደረስም ተብለናል።)

ቅር ያሰኘኝ የድግግሞሽ ጥናት (ቀድሞ የተሠራን ጥናት ደግሞ በመሥራት ያው ውጤት መገኘቱን የማጣራት) ጉዳይ በአሥር ደቂቃ መታለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ ሰፊ ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶች እንደገና ሲሞከሩ፣ በስታቲስቲክስ ረገድ ጉልህ ውጤት (በአጋጣሚ ብቻ የመጣ ነው ለማለት የሚከብድ ውጤት) የተገኘው በ36 በመቶዎቹ ብቻ መሆኑ ሙሉ ቅዳሜ የሚገባው ርዕስ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ፕሮጀክተሩ ስለሚቆም ማስታወሻ ደብተር መያዝ ግድ ይላል፤ የምርምር ዕቅዱን ለማዘጋጀት ለተቸገረ ተመራቂ ተማሪ ግን ክፍያው አይበዛበትም።