ለትልቅ አኳሪየም ሳምፕ ልታሰሩ ካሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ አኳሪየም (የዓሳ መስታወት ገንዳ) ላላችሁ፣ ወይም ለማሰራት ለምታስቡ ሰዎች ነው የምጽፈው። «ሙሉ ሳምፕ ከነፓምፑ፣ ቤትዎ መጥተን እንገጥማለን» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም አይቼ አሰራሁ። ሙሉውን ዋጋ ከፈልኩ። ያገኘሁት ግን ሳሎኔን በውሃ የሚሞላ ዕቃ ነው። የሰሪውን ስም አልጠራም። ሌላው ሰሪም ያንኑ ጉድለት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ የሚጠቅማችሁ ጉድለቱን ማወቅ ነው።

ሳምፕ ማለት ከዋናው አኳሪየም በታች፣ ካቢኔው ውስጥ የሚቀመጥ ሁለተኛ የመስታወት ገንዳ ነው። ውሃው ከላይ ሞልቶ በቱቦ ይወርዳል። በስፖንጅና የዓሳውን ቆሻሻ የሚያጠፋ ባክቴሪያ በሚራባበት ማጣሪያ ያልፋል። ከዚያ ፓምፑ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ለ400 ወይም ለ500 ሊትር አኳሪየም ከዚህ የተሻለ ማጣሪያ ብዙ የለም። በቤት ውስጥ የተሰራ ሳምፕም በደንብ ከተሰላ ከፋብሪካው አያንስም። ችግሩ ሳይሰላ ሲሰራ ነው።

ዋናው ነገር መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነው። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ወዲያው አይቆምም። ከመውረጃው አፍ በላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል። ይባስ ብሎ ፓምፑ ውሃ ወደ ላይ የሚገፋበት ቱቦ፣ ማለትም የመመለሻው ቱቦ፣ አፉ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ከሆነ፣ እሱ ራሱ ውሃውን ወደ ኋላ ይስባል። አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ አያቆምም።

የእኔን ልስጣችሁ። አኳሪየሙ 150 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ውሃው 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር 9 ሊትር ወደ ታች ይመጣል። የተሰራልኝ ሳምፕ ደግሞ 60 በ30፣ ቁመቱ 35 ነው። እሱ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት 1.8 ሊትር ብቻ ነው። አያችሁት? ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲቀንስ ታች አምስት ይጨምራል። የመመለሻው ቱቦ አፍ 4 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ነው የተገጠመው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ 36 ሊትር ይወርዳል። ሳምፑ በሥራ ላይ እያለ ውሃው 28 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ፣ የቀረው ባዶ ቦታ 13 ሊትር እንኳ አይሞላም። ከ20 ሊትር በላይ ውሃ የሚሄደው ወለል ላይ ነው። ሄደም።

የወለሉን ጉዳይ እንኳ እችለዋለሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ የኤክስቴንሽን ገመዱ ነው። ሰሪው ካቢኔው ውስጥ ወለሉ ላይ፣ ልክ ከሳምፑ ጎን አስቀምጦት ነበር። የፓምፑን ገመድ ቀጥሎ በፕላስተር ብቻ ጠቅልሎታል። ልጆች ያሉበት ቤት ነው። መብራቱ ሲመለስ ገመዱ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሰው ይሞታል እኮ! ማንም ሰሪ ቢሆን ሶኬቱን ከሳምፑ አፍ በላይ፣ ግድግዳ ወይም የካቢኔ ጎን ላይ ማሰር አለበት። ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተቆልምሞ ይመለስ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ከሚገባ እዚያ ዝቅታ ላይ ይንጠባጠባል። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያጠፋ ብሬከርም አስገጥሙ። ለዚህ የምታወጡት ገንዘብ አይቆጫችሁ።

ደውዬ ስነግረው «ወንድሜ፣ መብራት የሚያጠፋው እኔ አይደለሁም» አለኝ። ይህ መልስ አይደለም። እዚህ ከተማ ለሚሸጥ ሳምፕ የመብራት መጥፋት በመጀመሪያው ቀን የሚሰላ ነገር ነው። «የማይመልስ ቫልቭ ግጠም» ብሎም መክሮኛል። ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ይህ ቫልቭ ግን ሳር በሚመስለው አረንጓዴ አልጌና በቆሻሻ ስለሚያዝ በደንብ ላይዘጋ ይችላል። ቤታችሁን በእሱ ላይ ብቻ አትጣሉ።

ሌላው መስታወቶቹን የሚያጣብቀው ሲሊኮን ነው። ጥሎት የሄደውን ባዶ ቱቦ አንስቼ አነበብኩት። ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን፣ ሻጋታ የሚከላከል ሲሊኮን ነው። ሻጋታ የሚገድለው ኬሚካል ዓሳንም ይጎዳል። ለአኳሪየም የሚሆነው እንዲህ ያለ ነገር ያልተጨመረበት ንጹህ ሲሊኮን ነው። በዚያ ላይ የውስጥ መከፋፈያዎቹን ከፕላስቲክ ሰርቷቸዋል። ሲሊኮን መስታወትን እንጂ እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ አጥብቆ አይዝም። ሁለቱ ተላቀዋል። አሁን የድሮውን በምላጭ ፍቆ ጨርሶ ማንሳት ያስፈልጋል። አዲስ ሲሊኮን በደረቀ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይያዝምና። ከተለጠፈም በኋላ ሲሊኮኑ የሚያወጣው የኮምጣጤ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ፣ አንድ ሳምንት ያህል፣ ውሃ አይገባበትም። የእኔ በማግስቱ ነው ውሃ የተሞላው።

ፓምፑ ካርቶን ላይ «3000 ሊትር በሰዓት፣ ከፍታ 2.5 ሜትር» ይላል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን 3000 የሚሰጠው ምንም ከፍታ ሳይወጣ ሲሆን፣ 2.5 ሜትር ላይ ደግሞ ምንም አይሰጥም። ከሳምፑ እስከ አኳሪየሙ አፍ 1.5 ሜትር ያህል ሲሆን የሚደርሰው ግማሹ እንኳ አይሆንም። ራሳችሁ ለኩት። ከላይ በሚፈሰው 10 ሊትር ባልዲ ሙሉ። 30 ሰከንድ ከፈጀ በሰዓት 1200 ሊትር ነው። ለ450 ሊትር አኳሪየም ቢያንስ 1800፣ ማለትም 20 ሰከንድ፣ ብትጠብቁ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ትላለች። ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ ከባህር ዳር ከተሞች በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃው ደካማ ሆኖ ሲዞር ዓሳዎቻችን ከሌላው ቦታ ፈጥነው ይታፈናሉ።

«ዛሬ ገጥመን ዛሬ ዓሳ ያስገቡ» ለሚለው ቃል አትታለሉ። ከዓሳ የሚወጣውን አሞኒያ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች አዲስ ማጣሪያ ውስጥ እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ማሳጠር የሚቻለው የቆየ ስፖንጅ ከድሮው ፊልተር ሲዛወር ነው። ሰሪው ግን የእኔን «ቆሽሿል» ብሎ በቧንቧ ውሃ አጠበው። ቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። ስፖንጅ የሚታጠበው ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ነው።

ስለዚህ ልታሰሩ ከሆነ ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ አትስጡ። ቀብድ ስትከፍሉ የገንዳውን ልክ፣ የመስታወቱን ውፍረት፣ የሲሊኮኑንና የፓምፑን ዓይነት በጽሁፍ ያዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰብን ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። ደረሰኝ ከሌለ ግን ምን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ? ቀሪውን የምትከፍሉት ሁሉም ተገጥሞ፣ ውሃው እየዞረ፣ ሰሪው እዚያው ቆሞ ሳለ ፓምፑን ከሶኬት ነቅላችሁ ካያችሁ በኋላ ነው። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። መልሳችሁ ሰኩት፣ ደግማችሁ ንቀሉት። ጠብታ ወለል ከነካ አትክፈሉ።

አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ሙሉውን መጣል የለባችሁም። የመመለሻውን ቱቦ አፍ ወደ ውሃው ገጽ አስጠጉት። ከዚያ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ፤ ውሃው ወደ ኋላ መሳብ ሲጀምር በዚያ አየር ይገባና ይቆማል። ከዚያ ፓምፑን አጥፉና ሊወርድ የሚችለው ውሃ ሁሉ ይውረድ። ሳምፑ እስከ አፉ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር እስኪቀረው ሙሉት። ፓምፑን አብሩትና ውሃው ዝቅ ብሎ የቆመበትን ቦታ በማርከር አስምሩ። ከዚያ መስመር በላይ መቼም ውሃ አትጨምሩ። ቀዳዳውንም አልጌ እንዳይደፍነው በየሳምንቱ በጥርስ መፋቂያ እንጨት አጽዱት።