ባለእግሩ አጉሊ መነጽር፦ ከወራት በኋላ

ሬቲናዬ (ዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባዩ ሽፋን) ከተጎዳ ወዲህ መነጽር ብቻውን አላስነበበኝም። አሁን የማነበው በአጉሊ መነጽር ነው። ወረቀቱ ላይ የሚቀመጥ፣ እግርና የኤልኢዲ መብራት ያለው፣ ባለ 3 እጥፍ።

«3 ብቻ?» የሚሉኝ አሉ። 10 እጥፍ ሲባል ያጓጓል፣ እውነት ነው። ግን ኃይሉ በጨመረ ቁጥር ሌንሱ ያንሳል፣ የሚታየውም ይጠባል። ጥቂት ፊደል ብቻ እያዩ ማንበብ ደግሞ አሰልቺ ነው፤ መስመሩ መጨረሻ ስትደርሱ መጀመሪያው ይጠፋችኋል። ስለዚህ የሚያስነብባችሁን ዝቅተኛውን ምረጡ። የእኔ መለኪያ «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው ጭረት ናት። እሷ ሳልጨነቅ ከታየችኝ በቂ ነው።

ቁጥሩንም ዝም ብላችሁ አትመኑ። ዋናው ዳዮፕተሩ፣ ማለትም የሌንሱ ኃይል መለኪያ ነው። አንዳንዱ አምራች ዳዮፕተሩን ለ4 አካፍሎ ይጽፋል፣ አንዳንዱ በዚያ ላይ 1 ይደምርበታል። 12 ዳዮፕተር ለአንዱ 3 እጥፍ፣ ለሌላው 4 እጥፍ ነው ማለት ነው።

እግር ያለውን የመረጥኩት ለእጄ ብዬ ነው። በእጅ የሚያዘው ርቀቱን ካልጠበቃችሁለት ይደበዝዛል። 12 ዳዮፕተር ከወረቀቱ 8 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ መያዝ አለበት፣ 20 ዳዮፕተር ደግሞ 5። ዋጋ መለያ ለማየት ምንም አይል። ሙሉ ገጽ ላይ ግን ክንድ ይዝላል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ፊደሉም አብሮ ይጨፍራል። ባለእግሩን ግን መስመሩ ላይ መግፋት ብቻ ነው። የማንበቢያ መነጽሬን አላወልቅም፣ ዓይኔንም ወደ ሌንሱ አስጠጋለሁ። ስጠጋ ብዙ ቃል ይገባልኛል። አንገት ማቀርቀሩ ግን አልቀረም፤ መጽሐፉን ከፍ የሚያደርግ ማስደገፊያ ከሌለ ማታ ላይ ትከሻዬ ይነግረኛል።

መብራቱን ወድጄዋለሁ። ጭንቅላቴ ወረቀቱ ላይ ጥላ ቢጥልም ግድ የለኝም። የሚያብለጨልጭ የመጽሔት ወረቀት ላይ ግን ነጸብራቁ ዓይን ይወጋል፣ ያኔ አጠፋዋለሁ።

የማይመቸኝም አለ። ወፍራም መጽሐፍ ሲሆን ሁለቱ ገጾች የሚጋጠሙበት ጋ ወረቀቱ ይጎብጣል፣ እግሩ ይንጋደዳል፣ የመስመሩ ጫፍ ጭጋግ ይሆናል። ገጹን በመዳፌ ተጭኜ ነው የማልፈው። ሥሩ እስክሪብቶ ስለማይገባም ፎርም አያስሞላም፤ ለዚያ ትንሿን የእጅ ማጉያ አስቀምጫለሁ። ሌንሱ ፕላስቲክ ስለሆነ በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ክልክል ነው፣ ቶሎ ይጫጫራል። ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ ያዙለት።

ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የዓይን ሐኪም ይያችሁ፣ የሚበቃችሁን ኃይል ለክቶ ይነግራችኋል። ስትሞክሩት ደግሞ ሻጩ በሚሰጣችሁ ወረቀት አይሁን። በየቀኑ የሚያስቸግራችሁን ጽሑፍ፣ ለምሳሌ የመድኃኒታችሁን መግለጫ፣ ይዛችሁ ሂዱ።

ከገዛችሁ በኋላ መስኮት ሥር አትተዉት። ፀሐይ ካገኘው እሳት ሊያስነሳ ይችላል።